ስም ሲጠየቅ

ሰው ለብቻው በሚኖርበት ምድረ በዳ ስም አያስፈልገውም። ስም የሚያስፈልገው ሌላ ሰው በመጣ ጊዜ ነው፤ ይኸውም ጠሪና ተጠሪ፣ ጠያቂና ተጠያቂ በተገናኙበት ሰዓት። ስለዚህ ስም የግል ንብረት መስሎ ቢታይም በመሠረቱ ማኅበራዊ ነገር ነው። ባለቤቱ ይሸከመዋል እንጂ የሚገለገሉበት ሌሎች ናቸው። ከዚህም የተነሣ አንድ የቆየ የሥነ ምግባር ጥያቄ ይከተላል። «ማን ነህ?» ተብሎ የተጠየቀ ሁሉ ለጠያቂው ምን ያህል እውነት ሊነግረው ይገባል? ጠያቂውስ ስምን የሚጠይቀው በምን መብትና ለምን ዓላማ ነው?

ይህ ጥያቄ ለተውኔት ሰው አዲስ አይደለም። ስሙን ደብቆ የገባ እንግዳ፣ የሌላውን ስም ለብሶ ቤት የወረሰ አስመሳይ፣ ስሙን መናገር ሕይወቱን የሚያስከፍለው ስደተኛ በየዘመኑ በመድረክ ላይ ታይተዋል። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ግን ይኸው ጥያቄ ማንም ባልጠበቀው ሥፍራ፣ በኮምፒውተር ባለሙያዎች የሥራ ጠረጴዛ ላይ ተነሥቶ ብዙ አከራክሯል፤ በከፊልም መልስ አግኝቷል። መልሱ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ትንሽ ፋይል ነው። በዚህች ፋይል ታሪክ ውስጥ የሰው ልጅ ስለ ስም፣ ስለ ዘርና ስለ ቃል ኪዳን የሚከራከረው ክርክር ጌጥ ሳይደረብበት ራቁቱን ይታያልና ጉዳዩ ለቴክኒክ ሰዎች ብቻ የሚተው አይደለም።

ኮምፒውተር በራሱ ግዑዝ መሣሪያ ነው። ትእዛዝ ተቀብሎ ሥራ የሚሠራው ስርዓተ ክወና የተባለው መሠረታዊ ፕሮግራም ሲጫንበት ነው። በ1983 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለ ማብራሪያ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ፣ ማንም ሰው ሊያነበው፣ ሊያሻሽለውና ሊያባዛው የሚችል ስርዓተ ክወና ለመሥራት ግኑ የተሰኘውን ፕሮጀክት አወጀ። በ1991 ደግሞ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የስርዓቱን አስኳል፣ ማለትም ከርነሉን ጽፎ ለሕዝብ አቀረበ፤ እርሱም ሊኑክስ ተባለ። አስኳል ብቻውን ግን ዕንቁላል አይደለም። አስኳሉን ከሌሎች እጅግ ብዙ ፕሮግራሞች ጋር አዋሕደውና አስማምተው፣ ስም አውጥተውለት ለተጠቃሚው የሚያቀርቡ ቡድኖች ተነሡ። የእነዚህ ቡድኖች ሥራ ስርጭት ይባላል። በ1993 ስላክዌርና ዴቢያን ተጀመሩ፤ ተከትለውም ሬድ ሃት፣ ሱሰ፣ ጄንቱና ሌሎችም ብዙዎች መጡ።

ሁሉም የአንድ አስኳል ልጆች ናቸው፤ ይሁን እንጂ ጠባያቸው አንድ አይደለም። አንዱ ዕቃውን የሚያስቀምጥበት ጓዳ ከሌላው ይለያል። የአንዱ አምስተኛ ዕትም የሚያውቀውን ሥራ አራተኛው አያውቀውም። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣ አንድ ፕሮግራም በኮምፒውተሩ ላይ ከመጫኑ በፊት «የገባሁበት ቤት የማን ነው? ስንተኛ ዕትም ነው?» ብሎ መጠየቅ ግድ ሆነበት።

መልሱ የት ተጽፎ ይገኝ ነበር? ሬድ ሃት «ሬድሃት-ሪሊዝ» በተባለ ፋይል፣ ዴቢያን «ዴቢያን-ቨርዥን» በተባለ ፋይል፣ ሱሰ «ሱሰ-ሪሊዝ»፣ ስላክዌር «ስላክዌር-ቨርዥን»፣ ጄንቱ «ጄንቱ-ሪሊዝ» በሚሉ ፋይሎች ይጽፉት ነበር። እዚህ ላይ አንድ አስቂኝ ቅራኔ ይታያል። ፋይሉ የሚጠራው በባለቤቱ ስም ስለሆነ፣ የባለቤቱን ስም ለማወቅ አስቀድሞ የባለቤቱን ስም ማወቅ ያስፈልግ ነበር! ጠያቂው ፕሮግራም በጨለማ ቤት ደጃፍ ቆሞ የሚያውቃቸውን ስሞች በየተራ እየጠራ «አቤት» የሚል እስኪያገኝ ድረስ እንደሚጮህ እንግዳ ነበር። ፋይሉ ከተገኘ በኋላም ችግሩ አያበቃም። የሬድ ሃቱ በሙሉ ዓረፍተ ነገር «እኔ እገሌ፣ ዕትሜ ይህን ያህል» ሲል፣ የዴቢያኑ ደግሞ ስሙን ሳይጠራ ቁጥር ብቻ ወርውሮ ዝም ይላል።

እያንዳንዱ ቡድን በራሱ ቤት በራሱ መንገድ ስሙን መጻፉ መብቱ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን የዚህ መብት ዋጋ የሚከፈለው በማን ነው? ባለቤቱ አንድ ጊዜ እንደወደደ ጽፎ ያርፋል። ጠያቂው ግን የሁሉንም ልማድ በቃሉ መያዝ አለበት። ከዚህ የከፋው ደግሞ ይህ ነው፤ ጠያቂው በቃሉ የሚይዘው የትልልቆቹን ስም ብቻ ነው። ትናንት በጥቂት ፈቃደኞች የተመሠረተ አንድ ትንሽ ስርጭት በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ፕሮግራሙ ስሙን ስለማይጠራው ሊመልስለት አይችልም፤ «ማንነቱ ያልታወቀ» ተብሎ ከደጅ ይመለሳል። ደንብ በሌለበት ሁሉም እኩል ነጻ የሚሆን ይመስላል፤ በተግባር ግን ነጻ የሚሆነው የታወቀው ነው።

ያልታወቀው ምን አደረገ? የታወቀውን ስም ለበሰ። የዚህ ዋነኛ ምሳሌ በ2004 የወጣው ሴንትኦኤስ ነው። የሬድ ሃት ኩባንያ ለድርጅቶች የሚያዘጋጀው ስርዓት ምንጭ ኮዱ ለሕዝብ ክፍት ስለነበረ፣ የሴንትኦኤስ ሰዎች ያንኑ ኮድ ወስደው፣ የኩባንያውን ስምና የንግድ ምልክት አውጥተው፣ በነጻ የሚታደል ስርዓት ሠሩ። ኮዱ ክፍት ይሁን እንጂ ስሙ ዝግ ነበር። ኩባንያው የንግድ ምልክቱን አጥብቆ ስለሚጠብቅ ሴንትኦኤስ በአደባባይ አባቱን በስሙ መጥራት አስቸገረው፤ አንድ የታወቀ የሰሜን አሜሪካ አቅራቢ እያለ በአሽሙር መናገር ያዘ። በቤቱ ውስጥ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነበር። ፕሮግራሞች የሚፈልጉት «ሬድሃት-ሪሊዝ» የሚለውን ፋይል ስለሆነ፣ ሴንትኦኤስ በዚያው ስም ፋይል አስቀመጠ፤ በውስጡ ግን የራሱን ስም ጻፈ። በደጃፉ ላይ የአባት ስም፣ በሳሎኑ የራሱ ስም፣ በአደባባይ ደግሞ ዝምታ! ይህን ውሸት ነው ብሎ መፍረድ ይቻላልን? የደጃፉ ጽሑፍ እንግዳው ቤቱን እንዲያገኝ የተሰቀለ ምልክት ነበር። ግብዝነት ካለ፣ ምንጩ ስምን ሳያይ በር የማይከፍተው ጠያቂ ነው።

ጠያቂ ስምን ለመለያየት ሲጠቀምበት ምን እንደሚመጣ ከድረ ገጽ ማሰሻዎች ታሪክ በግልጽ ይታያል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ኔትስኬፕ የተባለው ማሰሻ ለሰርቨሮች ራሱን «ሞዚላ» እያለ ያስተዋውቅ ነበር። አንዳንድ ሰርቨሮች ያማረውን ገጽ ለሞዚላ፣ የተራቆተውን ደግሞ ለሌላው መስጠት ጀመሩ። ማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን ሲያወጣ እርሱም ራሱን «ሞዚላ» ብሎ እንዲያስተዋውቅ አደረገው። ከእርሱ በኋላ የመጡትም እየተከተሉ ይህንኑ አደረጉ። ዛሬ ክሮም፣ ሳፋሪና ፋየርፎክስ ሁሉ ራሳቸውን ሲያስተዋውቁ የሚያስቀድሙት ቃል «ሞዚላ» የሚል ነው። ሁሉም በአንድ ስም ስለሚጠሩ ስሙ ምንም አይናገርም። ስም መጠየቅ በር መዝጊያ በሆነበት ሥፍራ ተጠያቂዎች መዋሸትን ይማራሉ፤ ጠያቂውም በመጨረሻ ጥያቄውን ራሱን ያጣዋል።

ብልሆች የሆኑ የፕሮግራም ጸሐፊዎች ይህን ቀድመው ተረድተውት ነበር። ከግኑ ፕሮጀክት የወጣው አውቶኮንፍ የተባለው መሣሪያ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የተከተለው መርህ «ማን ነህ?» ማለትን ትቶ «ይህን ትችላለህን?» ብሎ መፈተን ነው። ሰውን በስሙ ሳይሆን በሥራው መመዘን ማለት ነውና ከሥነ ምግባር አንጻር የሚደነቅ መርህ ነው። ይሁን እንጂ ብቻውን አይበቃም። አንድ ኮምፒውተር የተበላሸበት ሰው እርዳታ ሲጠይቅ ረጂው በቅድሚያ የሚፈልገው ስርዓቱ የማን ስንተኛ ዕትም እንደሆነ ማወቅ ነው። የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝም የትኞቹ ቤቶች እንደተጋለጡ የሚታወቀው በስምና በዕትም ነው። ችሎታ ስለ ዛሬ ይናገራል፤ ኃላፊነት ግን ስም ይፈልጋል።

መድኃኒቱ በሁለት መንገድ ተፈልጓል። የመጀመሪያው ሰፊና በይፋ የታወጀ መንገድ ነበር። ሊኑክስ ስታንዳርድ ቤዝ የተባለው ደንብ የመጀመሪያ ዕትሙ በ2001 ወጣ፤ በ2006ም ዓለም አቀፍ መለኪያ ለመሆን በቃ። ደንቡ ስምና ዕትም የሚናገር «ኤልኤስቢ-ሪሊዝ» የተሰኘ ትእዛዝ ነበረው። ነገር ግን ይህ ትእዛዝ የአንድ ትልቅ ሕንፃ አንዲት ክፍል ነበረች። ደንቡ ስርጭቶች የትኞቹን የጋራ ክፍሎች መያዝ እንዳለባቸው፣ ፕሮግራሞች በምን ዓይነት ጥቅል መቅረብ እንዳለባቸው ጭምር ይወስን ነበር። የጥቅሉ ዓይነት የሬድ ሃት ወገን የሆነው አርፒኤም ስለነበረ፣ የራሱ ጥቅል ያለው ዴቢያን ከመጀመሪያው አንካሳ ሆኖ ነበር የገባበት። ስሙን በወጉ ለመናገር ብቻ የፈለገ ሰው የቤቱን ዕቃ ሁሉ እንዲለውጥ ተጠየቀ። የደንቡ አምስተኛ ዕትም በ2015 ወጣ፤ በዚያው ዓመት ዴቢያን ደንቡን መከተል ተወ።

ሁለተኛው መንገድ የተጀመረው በይፋዊ ጉባኤ አይደለም። በ2010 ሌናርት ፖተሪንግና ኬይ ሲቨርስ የኮምፒውተሩን አነሣሥ የሚመራ ሲስተምዲ የተባለ ፕሮግራም መጻፍ ጀምረው ነበር። ፕሮግራሙ ኮምፒውተሩ ሲነሣ የስርጭቱን ስም በሰላምታ መልክ ማሳየት ስለነበረበት፣ በውስጡ የየስርጭቱን የተለያየ ፋይል የሚያነብ ብዙ ኮድ ተከማቸ። ይህ ሸክም ሰለቻቸውና ተራውን ገለበጡት። ጠያቂው የሁሉን ልማድ ከሚያጠና፣ ተጠያቂው ሁሉ በአንድ ቦታ በአንድ ቅርጽ ይጻፍ ተባለ። ፋይሉ «ኦኤስ-ሪሊዝ» ተባለ፤ ፖተሪንግም በ2012 ለሁሉም ስርጭቶች ጥሪ አቀረበበት። ቅርጹ ቀላል ነው። በየመስመሩ በግራ የጥያቄው ስም፣ በቀኝ መልሱ፣ በመካከል የእኩል ምልክት። ስም፣ ዕትም፣ መለያ፣ የዕትም ቁጥር፣ ችግር የሚነገርበት አድራሻ። ከዚህ በላይ ምንም አልተጠየቀም፤ ማንም ጥቅሉን እንዲለውጥ፣ ማንም ጓዳውን እንደ ጎረቤቱ እንዲያደርግ አልተገደደም።

ቅርጽን አንድ ማድረግና ይዘትን አንድ ማድረግ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለማስረዳት ለኢትዮጵያ አንባቢ ከፊደል የቀረበ ምሳሌ የለም። ለኢትዮጵያ ፊደል የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ የኮምፒውተር ጽሕፈት ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው ለ«ሀ»፣ ለ«ለ»፣ ለ«ሐ» የየራሳቸውን የኮድ ቁጥር ይሰጡ ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የጠንቋይ ክታብ ይመስላል። በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለእያንዳንዱ ሆሄ ቋሚ ቁጥር ሰጠው። ታዲያ ይህ ስምምነት ለዘመናት ያከራከሩትን ሞክሼ ሆሄያት በተመለከተ «ሀ፣ ሐ እና ኀ ድምፃቸው አንድ ነውና አንዱ ይበቃል» አላለም። ለሦስቱም የየራሳቸውን ቦታ ሰጥቶ ክርክሩን ለባለ ቋንቋዎቹ ተወላቸው። ሁሉም የሚታይበትን ሥፍራ መወሰን አንድ ነገር ነው፤ ማን መታየት እንዳለበት መወሰን ሌላ ነው። ኦኤስ-ሪሊዝ ያደረገው የመጀመሪያውን ነው፤ የተሳካለትም ስለዚህ ይመስላል።

ከፋይሉ መስመሮች ሁሉ ይበልጥ አሳብ የሚያነሣሣው «አይዲ-ላይክ» የሚለው ነው። በዚህ መስመር ስርጭቱ ከማን እንደተወለደ ይናገራል። ኡቡንቱ «ዴቢያን» ብሎ ይጽፋል። ከኡቡንቱ የተወለደው ሊኑክስ ሚንት «ኡቡንቱ ዴቢያን» ይላል። ደንቡ እንደሚያዘው ቅርቡ ይቀድማል፣ ሩቁ ይከተላል። ይህ እኮ ሌላ ሳይሆን የኢትዮጵያውያን የስም አጠራር ነው! የቤተሰብ ስም የሚባል ቋሚ ቅጥያ በሌለበት አገር ሰው ስሙን፣ ቀጥሎ የአባቱን፣ ቀጥሎ የአያቱን ስም ይናገራል። ጥቅሙም ያው ነው። በገጠር መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ ወጣቱን በስሙ ባያውቁት «የማን ልጅ ነህ?» ይሉታል፤ አባቱን ሲሰሙ ወንበር ይሰጡታል። የኦኤስ-ሪሊዝ ደንብም ፕሮግራሞችን የሚመክረው ይህንኑ ነው። የስርጭቱን መለያ ካላወቃችሁት አባቱን ጠይቁ። ትንሹና አዲሱ ስርጭት የሌላውን ስም ሳይሰርቅ፣ ራሱንም ሳይደብቅ ደጅ የሚያልፍበት መንገድ ተገኘለት። ሴንትኦኤስም በዚህ መስመር የአባቱን መለያ ያለ አሽሙር ሊጽፍ ቻለ።

ደንቡ አንድ ሌላ ነገርም ያክላል። ስርጭት በዚህ መስመር በጠቅላላው የሚዘረዝረው የወለዱትን እንጂ የወለዳቸውን አይደለም። ልጅ አባቱን ይጠራል፤ አባት ግን በልጆቹ ዝና ራሱን አያስተዋውቅም። ይህን የጻፉት መሐንዲሶች ስለ ጨዋነት እያሰቡ አልነበረም ይሆናል፤ ጨዋነት ግን ሆኗል።

በዚሁ ፋይል ውስጥ «ፕሪቲ-ኔም» የሚል መስመር አለ፤ ለሰው ዓይን እንዲያምር የተዘጋጀ ስም ነው። ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ» እንደተባሉት ያለ የፈረስ ስም መሆኑ ነው፤ በአደባባይ ይጠራል፣ በመዝገብ ግን አይፈረምበትም። በመዝገብ የሚፈረመው «አይዲ» የተባለው መለያ ነው። እዚህ ላይ ደንቡ መተቸት ይገባዋል። የአደባባዩ ስም በማንኛውም ፊደል እንዲጻፍ ተፈቅዷል፤ መለያው ግን ከትናንሽ የላቲን ሆሄያት፣ ከአኀዝና ከሦስት ምልክቶች በቀር ምንም አይቀበልም። ነገ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቡድን ስርጭት ሠርቶ በግዕዝ ፊደል ስም ቢያወጣለት፣ ስሙ በሰላምታው ላይ ይታያል፤ ለማሽኖቹ ግን በባዕድ ሆሄ ተገልብጦ ካልተጻፈ አይታወቅም። ምክንያቱ ቴክኒካዊ ነው ይባላል፤ ፕሮግራሞች ያለ ስሕተት እንዲያነቡት ነው። ምክንያቱ እውነት ነው። ነገር ግን ለሁሉ የጋራ የሆነው ቅርጽ ለአንዳንዱ እንደ ገዛ ልብሱ፣ ለሌላው እንደ ተውሶ ልብስ መሆኑን እውነቱ አይሽረውም።

ስለ ስም ይህን ያህል ከተባለ፣ ቁጥርስ? ቁጥር ስሜት የሌለው፣ ስለዚህም የማይዋሽ ነገር ይመስላል። ታሪኩ ግን እንዲህ አይልም። በ1995 መጨረሻ ላይ አንድ ሲዲ አባዢ ድርጅት ገና በሥራ ላይ የነበረውን የዴቢያን ረቂቅ «ዕትም 1.0» ብሎ ለገበያ አወጣው። ስርዓቱ ያልበሰለ ስለነበረ የገዙት ሰዎች ተቸገሩ። ዴቢያኖች ሥራቸውን ሲጨርሱ ምን ይበሉት? «እውነተኛው 1.0» ቢሉት ሁለት 1.0 በዓለም ላይ ይኖራሉ፤ ሐሰተኛውም በእውነተኛው ስም ይከበራል። ስለዚህ ያን ቁጥር ጨርሰው ተዉት፤ በሰኔ 1996 ያወጡት ዕትም 1.1 ተባለ። የዴቢያን 1.0 እስከ ዛሬ የለም። ሌላው ያረከሰውን ስም ለማደስ ከመታገል ባዶ ቦታውን ለምስክርነት መተው ራስን የማክበር ሥራ ነው። ከዚያ ወዲህ በሥራ ላይ ያለ ዕትም እስኪበስል ድረስ በቁጥር አይጠራም፤ «የአሻንጉሊቶች ታሪክ» ከሚሉት የካርቱን ፊልም በተወሰደ የገጸ ባሕርይ ስም ይጠራል። ሁልጊዜ እየተለወጠ የሚኖረው ያልጸናው ክፍል ደግሞ ሲድ ይባላል፤ በፊልሙ ውስጥ አሻንጉሊት የሚሰባብረው ልጅ ስም ነው።

ስላክዌር ተቃራኒውን አደረገ። በ1999 ከ4 ተነሥቶ 5ንና 6ን ዘሎ 7 ሆነ። ሌሎች ስርጭቶች 6 በመድረሳቸው ሰዎች «የእናንተስ መቼ 6 ይደርሳል?» እያሉ መሪውን ፓትሪክ ቮልከርዲንግን ስለሰለቹት ነበር። ማንንም አላታለለም፤ ምክንያቱን በግልጽ ተናገረ። ቢሆንም ቁጥር ከራስ ሥራ መለኪያነት ወጥቶ ከጎረቤት ጋር መፎካከሪያ ሲሆን ምን ያህል ባዶ እንደሚሆን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ኡቡንቱ ደግሞ ቁጥሩን ለዘመን መቁጠሪያ አስገዛው፤ የመጀመሪያው ዕትም በጥቅምት 2004 ስለወጣ 4.10 ተባለ። በ2006 በሚያዝያ ሊወጣ የታቀደው 6.04 ዘገየና በሰኔ 1 ቀን ወጣ፤ ስሙም 6.06 ሆነ። ሁለት ወር መዘግየቱን በግንባሩ ላይ ጽፎ ነው የወጣው። (በኢትዮጵያ አቆጣጠር ግንቦት 24 ቀን 1998 ነበር፤ ቁጥሩ እውነት የሚሆነው ቀን መቁጠሪያውን ለተቀበለ ሰው ብቻ ነው።)

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ቁጥር የሚሸከመው ቃል ኪዳን ነው። ሴንትኦኤስ 8 በ2019 ሲወጣ የደኅንነት ጥገና እስከ 2029 እንደሚደረግለት ተነግሮ ነበር፤ ብዙ ድርጅቶችም በዚህ ተማምነው ሰርቨሮቻቸውን ወደ እርሱ አዛወሩ። በታኅሣሥ 2020 ግን ጥገናው በ2021 መጨረሻ እንደሚቆም ተነገረ። ፋይሉ አልተለወጠም፤ ስሙም ቁጥሩም ያው ነበር። የተለወጠው ቁጥሩ ለሰዎች ይዞት የነበረው ተስፋ ነው። ከዚህ ቁጣ አልማሊኑክስና ሮኪ ሊኑክስ ተወለዱ። ሮኪ የተባለው ከሴንትኦኤስ መሥራቾች አንዱ ለነበረው ለሟቹ ሮኪ ማክጎ መታሰቢያ ነው። በአይዲ-ላይክ መስመሩ ሦስት ትውልድ ቆጥሯል፤ ቃሉን ያላከበረውን አባቱን ሴንትኦኤስን አልሰረዘም። በ2022 ደግሞ በኦኤስ-ሪሊዝ ደንብ ውስጥ አንድ አዲስ መስመር ተጨመረ፤ «ሰፖርት-ኤንድ» ይባላል። ስርጭቱ ጥገናው የሚያበቃበትን ቀን፣ ዓመት ወርና ዕለቱን ራሱ ይጽፋል። መስመሩ በፈቃድ የሚሞላ ስለሆነ የማይጽፈውም ብዙ ነው። የሞቱን ቀን በመታወቂያው ላይ እንዲጽፍ የተጠየቀ ሌላ ፍጡር ግን በዚህ ዓለም የለም።

እዚህ ላይ አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ይቀራል። ይህን ፋይል የሚቆጣጠረው ማን ነው? ማንም አይደለም። በኮምፒውተሩ ላይ ሥልጣን ያለው ሰው ሁሉ ከፍቶ የፈለገውን ስም ሊጽፍበት ይችላል። ማኅተም የለውም፣ ምስክር የለውም። ይሁን እንጂ ስርጭቶች በአብዛኛው እውነቱን ይጽፋሉ። ለምን ቢሉ፣ መዋሸት ጥቅም አጥቷል። አባትን በግልጽ መጥራት በተፈቀደበት ቤት አባት መስሎ መግባት አያስፈልግም። ሲስተምዲን አጥብቀው የተቃወሙት ሳይቀሩ ፋይሉን ተቀብለውታል። ዴቢያን በ2014 ሲስተምዲን በመምረጡ ተቆጥተው የተለዩት ሰዎች የመሠረቱት ዴቫን፣ ከተቃወመው ፕሮግራም የተወለደችውን ይህችን ፋይል በቤቱ ይዟል፤ በአይዲ-ላይክ መስመርም «ዴቢያን» ብሎ ጽፏል። የሊኑክስ ዘር ያልሆነው ፍሪቢኤስዲ እንኳ በ2021 ከወጣው 13ኛ ዕትሙ ጀምሮ ይህንኑ ፋይል ማዘጋጀት ጀምሯል።

ሁሉም ግን መስመሩን ሁሉ መሙላት አይችልም። አርች ሊኑክስ የሚባለው ስርጭት ዕትም የለውም፤ በየዕለቱ እየታደሰ እንደ ወንዝ ይፈስሳል። ስለዚህ የዕትሙን ቁጥር መስመር ከፋይሉ አስቀርቶ፣ በግንባታ መለያው ላይ «ተንከባላይ» የሚል ትርጉም ያለው ቃል ጽፎ አለፈ። ዴቢያን ዘንድ ነገሩ ይበልጥ ተወሳሰበ። ፕሮግራሞች በቅድሚያ ወደ ሲድ ይገባሉ፤ ጥቂት ቀን ሰንብተው ችግር ካልተገኘባቸው ሳይነኩ ወደ መሞከሪያው ክፍል ይሻገራሉ። ስሙ የተጻፈበትም ጥቅል በዚያው መንገድ ስለሚሻገር፣ በሁለቱ ቤት ያለው ፋይል አንድና ያው ነው። በዚህም ሳቢያ 13ኛው ዕትም በነሐሴ 2025 እስኪወጣ ድረስ፣ የመሞከሪያውም ሆነ የሲድ ኮምፒውተር «ማን ነህ?» ሲባል የሚሰጠው መልስ «ትሪክሲ ወይም ሲድ» የሚል ነበር። አንዱን ለይቶ እንዲናገር የጠየቁት ብዙዎች ናቸው። የፋይሉ ጠባቂዎች ግን በመንገድ ላይ ላለ ነገር አንድ ስም ብቻ መስጠት ከመነሻው ወይም ከመድረሻው አንዱን መካድ ነው በሚል ዓይነት አቋም ጸኑ፤ ሁለቱ ስሞችም በአንድ መስመር ላይ፣ በአንዲት ያዘመመች ጭረት ብቻ ተለይተው ቆዩ።